የጤዛው ሰነድ

የአገራችን ሰው ጤናውን የሚጠብቀው በሰላምታ ነው። ማለዳ ከቤቱ ይወጣና ጎረቤቱን «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ ጎረቤቱም «አብሮ ይስጥልን» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ጉዳዩን ለሚመለከተው የበላይ አካል አስተላልፈው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ይህ አሠራር ወጪ የለውም፣ ባለሙያም አይጠይቅም፤ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። ክፋቱ መጽሐፍ ያነበበን ሰው አያረካም። መጽሐፍ ያነበበ ሰው በነጻ የተሰጠውን ነገር በምዕራፍና በንዑስ ርዕስ ካልከፋፈለው የተሰጠው አይመስለውም። እኔ ይህ አመል የጸናብኝ ሰው ነኝ። ቀጥሎ የምተርከውም አመሌ የአንድን ጨዋ ሰው እግር ለማሳጣት ምን ያህል እንደ ተቃረበ ነው።

ወደ ቦንጋ የሄድሁት በሥራ ተመድቤ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ዝናብ በቀጠሮ በሚመጣበት አገር ነው። የቦንጋ ዝናብ ግን ወር አይጠይቅም። በጥርም ይመጣል፣ በመጋቢትም ይመጣል፤ ሲመጣም አመጣጡ የእንግዳ ሳይሆን የባለቤት ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያመጣው እንቅልፍ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሰውን ማስተኛት ብቻ አይደለም ሥራው፤ መነሣትን እንደ ነውር ያስቆጥራል።

አከራዬ እትዬ አበበች ደግ ሴት ናቸው። ሁልጊዜ ጧት አንድ ሰዓት ሲሆን በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ነግቷል» ይሉኛል። እኔም በእንቅልፍ ልቤ «ስለ ማሳሰቢያዎ ከልብ አመሰግናለሁ» እላለሁ አሉ። ዐረፍተ ነገሩ ሙሉና የተስተካከለ ስለሆነ እርሳቸው ነቅቷል ብለው ይሄዳሉ። ሰው በእንቅልፉ ቢወራጭ ይቀሰቀሳል፤ በእንቅልፉ ሰዋስው ለጠበቀ ሰው ግን ማንም አይደርስለትም።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠቅስም፤ እርሱም የእኔን ባይጠቅስ እወዳለሁ። ጊዜው ግምገማ በየሳምንቱ የሚካሄድበት፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት ጊዜ ነበር። እኔ የሙከራ ቅጥር ላይ ነበርሁ። የሙከራ ቅጥር ማለት ስድስት ወር የሚቆይ፣ ሰው ሠራተኛም እንግዳም ያልሆነበት ዘመን ነው። ወንበር ይሰጡሃል፣ ግን ወንበሩን አትመን ይሉሃል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ አለቃህ አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ወይ ቋሚ ትሆናለህ፣ ወይ ሻንጣህን ይዘህ መናኸሪያ ትቆማለህ። እኔ መናኸሪያ መቆም አልችልም ነበር። አባቴ ልጄ ቋሚ ሆነ ብሎ ለዕድርተኛው ሁሉ ቀደም ብሎ ተናግሯል።

ቅጹን የሚሞሉት የሥራ ሂደቱ አስተባባሪ አቶ ወልደማርያም ናቸው። የአካባቢው ተወላጅ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጫማቸው በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ከሥራ መግቢያው ሩብ ሰዓት ቀድመው ወንበራቸው ላይ የሚገኙ ሰው። ቀልድ አያበዙም፤ አንዲት ብቻ አለቻቸው። የስኳር ሕመም ነበረባቸውና ሻይ ቀርቦ ስኳር ሲጨመርላቸው እጃቸውን በብርጭቆው ላይ ዘርግተው «ተይው፣ እኔ የራሴን ይዤ ነው የመጣሁት» ይላሉ። በስድስት ወር ውስጥ ይህችን ቀልድ እጅግ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሁልጊዜም በሙከራ ላይ እንዳለ ሰው ሥቄያለሁ።

በአራተኛው ወር ማብቂያ ላይ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተቀመጥን። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ አቶ ወልደማርያም ማስታወሻቸውን ገልጠው በዚህ ወር አምስት ቀን ማርፈዴን ከነሰዓቱ አነበቡ፤ ምክንያት ካለህ መድረኩ ይስማህ አሉ። እውነተኛው መልስ «ተኝቼ ነው» የሚል ነበር። ሁለት ቃል ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ በሁለት ቃል መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ተነሥቼ ቆምሁና «ጤናዬን ስጠብቅ ነው» አልሁ።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አለ ከኋላ የንብረት ክፍሉ ግርማ።

ቤቱ ሣቀ። ያ ሣቅ ባይኖር ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እቀመጥ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ነገር ግን ጨዋ አንባቢ ሲሣቅበት አይቀመጥም፤ ያብራራል። በተማሪነቴ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኋት አንዲት ቡክሌት ትዝ አለችኝ። ሽፋኗ የተቀደደ፣ ደራሲዋ የማይታወቅ፣ የታተመችበት ዓመት የጠፋ ነች፤ በዚህም ምክንያት ማንም ሊያስተባብላት አይችልም። በማለዳ ጤዛ ላይ በባዶ እግር መራመድ ለጤና እንደሚበጅ ታትታለች። እኔም በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይህን እንደማደርግ፣ የጤዛው ቅዝቃዜ ደምን ከእግር ወደ ራስ እንደሚገፋ፣ ራስም ለሥራ እንደሚነሣሣ አስረዳሁ። ማርፈዴ ከትጋት ብዛት እንጂ ከስንፍና እንዳልሆነ አሳየሁ። ልቀመጥ ስል ምላሴ አላቆም አለና «እንቅልፍ ራሱ ከኪራይ ሰብሳቢነት መገለጫዎች አንዱ ነው» ብዬ ጨመርሁ።

እስክሪብቶዎች ሁሉ ተንቀሳቀሱ። አቶ ወልደማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝና እንዲህ ያለውን ተሞክሮ ይዘህ እስካሁን ዝም ማለትህ ነው የሚያስገመግምህ አሉ። «በሁለት ገጽ ጻፈው» አሉኝ።

በአሥራ አንድ ገጽ ጻፍሁት።

አንባቢዬ፣ ውሸት በቃል ሲነገር ትንፋሽ ነው፤ ጠዋት የተነፈሱት ለማታ አይገኝም። በጽሑፍ ሲሆን ግን ልጅ ነው፤ ያድጋል፣ ስም ያወጣል፣ አባቱን ያዛል። ለሰነዱ መግቢያ ጻፍሁለት፣ ዓላማ ጻፍሁለት፣ የአፈጻጸም ስልት ጻፍሁለት። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር «የሉም» አልሁ፤ ይህች በሰነዱ ውስጥ ያለች ብቸኛዋ እውነት ናት፤ ያላደረግሁት ነገር ምን ችግር ያጋጥመዋል? በአራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ፣ በጣም ስላማረችኝ፣ ከሥሯ ያሰመርሁባት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ጫማ ማድረግ የተሞክሮውን ዓላማ ሙሉ በሙሉ ያከሽፈዋል።» ይህችን ዐረፍተ ነገር አትርሱልኝ። እኔም እንድረሳት አልተፈቀደልኝም።

ሰነዱን ባስገባሁ ማግሥት ለታይታም ቢሆን ነገሩን ማድረግ ግድ ሆነብኝ። ከእትዬ አበበች ቤት ጀርባ፣ ከእንሰቱ ወዲያ፣ ሣር የበዛበት ሜዳ አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጤዛው ደምን ወደ ራስ እንደሚገፋ የጻፍሁት ትክክል መሆኑን ገና በመጀመሪያው እርምጃ አረጋገጥሁ፤ የቀረኝ ደም ሁሉ ጆሮዬ ላይ ተሰበሰበ። በአምስተኛው እርምጃ ሳማ ረገጥሁ። ከሳማው ስሸሽ የጉንዳን ሰልፍ ላይ ወጣሁ። የካፋ ጉንዳን ሥርዓት ያለው ነው፤ ወዲያው አይነክስም። ሁሉም በየቦታው እስኪደርስ ይጠብቅና በአንድ ትእዛዝ ይጀምራል።

አጎንብሼ ጉንዳኑን ከእግሬ ስለቅም እትዬ አበበች ደረሱ። ምን እንደ ጠፋኝ ጠየቁኝ። ምንም አልጠፋኝም አልሁ። ምንም አልጠፋኝም የሚል ሰው የጠፋው ነገር ትልቅ መሆኑን እርሳቸው በዕድሜ ያውቁታልና ነጠላቸውን አሸርጠው አብረውኝ አጎነበሱ። ጎረቤታቸውን በካፊኛ ጠሯት፤ እርስዋም እኅቷን ጠራች። ለሥራ የሚወጣ ሁሉ ሲያልፍ «ምን ጠፋ?» ይላል፤ «አይናገርም፣ ግን ከብዶታል» ይባላል፤ እርሱም ያጎነብሳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ሰው በጤዛ ውስጥ የማያውቀውን ነገር በትጋት ይፈልግ ነበር። እኔም ሰዎቹን ላለማሳፈር አብሬያቸው ፈለግሁ። በመጨረሻ አንዲት ማንኪያ ተገኘች፤ ከፋሲካ ጀምሮ የጠፋችው የእትዬ አበበች ማንኪያ ናት። መርቀው ጨረሱኝ። ተሞክሮው እስከ ዛሬ ያስገኘው የተረጋገጠ ውጤት ይህች ማንኪያ ብቻ ናት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ፤ ማኅተም እየተጨመረበት ሄደ። ሰነዱ ከሥራ ሂደቱ ወደ በላይ ሄደ፣ ተገመገመ፣ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተቀመረ፣ ጸድቆም ተመለሰ። በየአንድ ለአምስቱ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ በባዶ እግሩ እንዲገኝ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠራተኛው በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ በሰልፍ ሲመላለስ ከሩቅ ያየው ሰው ሽመላ ወረደ ይላል። ግርማ ከአጠገቤ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ይጠይቀኛል። «እህሳ፣ መጣልህ?» ይለኛል። ጤናዬን ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አቶ ወልደማርያም መጡ። ከሜዳው ዳር ቆመው ያን የሚያበራ ጫማቸውን ፈቱ፤ ካልሲያቸውን በጥንቃቄ አጥፈው በውስጡ አኖሩ፤ እግራቸውን ወደ ሣሩ አገቡ። እኔ በቆምሁበት ቀረሁ። ይህን ሳላነብ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ተረጋግቼ በተኛሁ፤ ግን አንብቤዋለሁ። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ መሄድ የለበትም። እግሩ ቢወጋ አይሰማውም፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንለትም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልወድም።

በዚያው ቀን ቢሯቸው ገባሁ። በዙሪያ ጥምጥም ጀመርሁና ለርሳቸው ዕድሜና ኃላፊነት ጫማ አድርገው ቢሳተፉ እንደሚበቃ ሐሳብ አቀረብሁ። አቶ ወልደማርያም መሳቢያቸውን ስበው ሰነዱን አወጡ፤ አራተኛውን ገጽ ገለጡ፤ በጣታቸው እያስኬዱ ያሰመርሁባትን ዐረፍተ ነገር አነበቡልኝ። በጣም ጥሩ አድርገው ነው ያነበቧት።

«እንዲያው ጋሼ፣ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ባሻሽለው ብዬ ነው» አልሁ።

«ሰነዱ ጸድቋል» አሉ። «የጸደቀ ሰነድ የማንም አይደለም። አንተም ብትሆን በቃል አታሻሽለውም። ማሻሻያ ካለህ ከነምክንያቱ በጽሑፍ አቅርብ።»

ምክንያቱ ያው ነበር፤ ውሸት ነው። ይህን በጽሑፍ ካቀረብሁ ቅጹን የሚሞሉት እርሳቸው ናቸው፤ ስድስተኛው ወር ሊሞላ የቀረው ደግሞ አሥራ ስድስት ቀን ነበር። አሥራ ስድስት ቀን ምን አላት? ቋሚ እሆናለሁ፣ በማግሥቱም ሁሉን እናገራለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተዋዋልሁ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ እየሣቀ የሚያነብ ካለ እዚች ላይ ቢያቆም አልቀየመውም፤ እኔም ስጽፋት አልሣቅሁም።

የሠራሁት ሥራ ግን ያሥቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይደርስ ቀድሜ ሜዳው ላይ እገኝ ጀመር። አቶ ወልደማርያም የሚሄዱባትን መስመር በጉልበቴ እየዳህሁ ጠጠሩን፣ እሾሁን፣ የጠርሙስ ስባሪውን ለቅሜ በፌስታል አወጣለሁ። በእንቅልፍ ብዛት የዋሸሁ ሰው ውሸቴን ከእሾህ ለማጽዳት እንቅልፌን አጣሁ። ቀን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ማንቀላፋት ጀመርሁ። ግርማ ይህን አይቶ ጤናው መጥቶ ተመልሶ ሊሄድ ነው መሰለኝ ብሎ አወራብኝ።

እንዲህ ስለቅም ነው ወይንሸት ያገኘችኝ። ወይንሸት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቦርሳዋን በደረቷ ላይ አቋርጣ የምታንጠለጥል፣ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ውሻ እንኳ የማይጮህባት ልጅ። ከኋላዬ መጥታ ምን እንደምለቅም ጠየቀችኝ። ጠጠር አልኋት።

«ባለ ሰነዱ አንተ ነህ?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ መጠሪያ በኮራሁ። አሁን አንገቴን ነቀነቅሁ። ወይንሸት ቁጢጥ ብላ ከጎኔ ተቀመጠችና አንድ ነገር ነገረችኝ። ይህ የምታየው ቀይ አፈር የእርሻ ሰው እግር ያሳብጣል አለች። አንድ አባት ጫማ እንዲያደርጉ ሦስት ዓመት ለምናቸዋለች፤ በሦስተኛው ዓመት እሺ ብለው አደረጉ። ትናንት ግን ጫማውን በእጃቸው አንጠልጥለው ጤና ኬላዋ ድረስ መጡ። የመንግሥት ሰው ሁሉ አውልቆ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከእናንተ እኔ በምን እበልጣለሁ፣ ውሰጂልኝ አሏት።

«ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ማብራራት ጀመርሁ። የሰነዱ ዐውድ ከአርሶ አደሩ ዐውድ እንደሚለይ፣ የሲቪል ሰርቫንቱ ተጨባጭ ሁኔታ ሌላ እንደሆነ መናገር ጀመርሁ። እጇን አንሥታ አቆመችኝና «ባጭሩ» አለች። ባጭሩ የምለው አልነበረኝም። ስለዚህ የማይነገረውን ነገርኋት፤ አለቃዬ ስኳር አለባቸው አልሁ።

ወይንሸት በእጄ የያዝሁትን ፌስታል አየችው። ውስጡ ያለውን ጠጠርና ስባሪ አየች። ለምን እንደምለቅም ያን ጊዜ ገባት።

«ታውቃለህ ማለት ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ቅጥሬ ቋሚ እስኪሆን ነው። ደብዳቤው የሚደርሰኝ በሚቀጥለው ሳምንት…»

«እግር ደብዳቤ አይጠብቅም» አለችና ተነሣች። እኔ ካልነገርኋቸው፣ የሌላ ወረዳ ልዑካን ተሞክሮውን ሊያዩ በሚመጡበት በልምድ ልውውጡ ቀን ራሷ መጥታ በሰው ፊት እንደምትነግራቸው አስታውቃኝ ሄደች።

የልምድ ልውውጡ ቀን የተቆረጠው ስድስተኛው ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። በአካባቢው ካሉት ከተሞች፣ ከደካና ከቢታ ገነት፣ የመጡት ልዑካን ዋዜማውን ቦንጋ ገብተው አደሩ፤ የሺሺንዳዎቹ በመጀመሪያው መኪና በማለዳ ደረሱ። ሠላሳ የሚሆኑ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙ፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ፣ በሆዳቸው ማን አመጣብን ብለው የሚረግሙ የተከበሩ ሰዎች። ጫማቸውን አውልቀው በሜዳው ዳር ደረደሩ። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ገብሬ ሠላሳ ጥንድ ጫማ ሲሰጣቸው በዘበኝነት ዘመኔ ያልተረከብሁትን አልጠብቅም ብለው፣ እያንዳንዱን ልዑክ ጫማውን በጣት አስጠቁመው በስም ተረከቡ። በዚህ ምክንያት ሰልፉ ዘገየ፤ እኔ ቀድሜ በለቀምሁት ሜዳ ላይም እስከዚያ የተመላለሰው ሰው በዛ። የሌሊቱ ዝናብ ደግሞ ከላይ ከመንገዱ ምን አጥቦ እንዳወረደ ማን ያውቃል?

አቶ ወልደማርያም ፊት ሆነው መሩ። ከጎናቸው የደካው ልዑክ ይሄዳል። እኔ ከኋላቸው እየተራመድሁ ሰነዱን ጮክ ብዬ እንዳነብ ታዝዤ ነበር። ወይንሸት ቦርሳዋን አንግታ ከሜዳው ዳር ቆማለች፤ አላየኋትም እንዳልል ዐይኗ ከእኔ ላይ አልተነሣም። መግቢያውን አነበብሁ፤ ዓላማውን አነበብሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አቶ ወልደማርያም ግራ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር ሣሩ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ እንደምትቀር አየሁ። አፈር ነው አልሁ። የቦንጋ አፈር ቀይ ነው፤ ለራሱ መዋሸት ለሚፈልግ ሰው የተመቸ አፈር ነው። አራተኛውን ገጽ ገለጥሁ። ቀጣይዋ ነጥብ ሰፋ ያለች ነበረች፤ ጤዛው ሲነካት ቀጠነችና በሣሩ ቅጠል ላይ ወረደች። አፈር እንዲህ አይወርድም።

አቶ ወልደማርያም ለደካው ሰው ከዚህ ተሞክሮ ወዲህ እግራቸው ምን ያህል ቀለል እንዳላቸው እየነገሩት ነበር። እርምጃቸው አልተዛነፈም። ምንም አልተሰማቸውም። እኔ ያሰመርሁባት ዐረፍተ ነገር ዘንድ ደርሻለሁ፤ «ጫማ ማድረግ የተሞክሮውን…» ብዬ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ» አልሁ። «እግርዎ ይደማል።»

ወደ ኋላ ተመልሰው የመጡበትን መስመር አዩ። «አልተሰማኝም» አሉ።

«ስለማይሰማዎት ነው። ጋሼ፣ ሰነዱ ውሸት ነው። ያን ዓርብ ከመናገሬ በፊት ጤዛ ረግጬ አላውቅም። ያረፈድሁት ተኝቼ ነው።»

ሠላሳ ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ ያየኛል። በመጨረሻ ከቢታ ገነት የመጡት አዛውንት ልዑክ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው በትሕትና «ይቅርታ፣ ይህ ገጽ ስንት ላይ ነው?» አሉ።

ወይንሸት ሰልፉን አቋርጣ ደረሰች። ኮቴን ከላዬ ላይ እንደ ራሷ ንብረት ወስዳ አነጠፈችና አቶ ወልደማርያምን አስቀመጠቻቸው። እግራቸውን በጉልበቷ ላይ አድርጋ በንጹሕ ውሃ አጠበችው። ከተረከዛቸው ሥር የጠርሙስ ስባሪ አወጣች፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ለረጅም ጊዜ በብርሃን አገላብጣ አየቻት፤ ከዚያ አሳየችኝ። አቶ ወልደማርያም በአንድ ወገን በእርስዋ፣ በሌላ ወገን በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከኋላችን ሠላሳ ሰው ጫማውን ለመውሰድ ሲጋፋና ጋሽ ገብሬ ርክክቡ በተራ እንዲሆን ሲያሳስቡ ይሰማ ነበር።

ቁስሉ ሊደርቅ አምስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ አምስት ሳምንታት እግራቸው ይድን አይድን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም። በየሁለት ቀኑ ማለዳ ቤታቸው እየሄድሁ ክንዳቸውን ይዤ ለፋሻ አመላልሳቸው ነበር። በመንገድ ስለ ዝናቡ ይነግሩኛል፤ ስለ ቡናው አበባ ይነግሩኛል፤ ስለ ሰነዱ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ከሚል ጨዋ ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ጭቃ መውጣት ግምገማ ሁሉ የማይደርስበት ግምገማ ነው። ስድስተኛው ወር በመካከሉ ሞላ፤ ቅጹ ግን ሳይሞላ ጠረጴዛቸው ላይ ቆየ። አባቴ በስልክ ሲጠይቀኝ «በሂደት ላይ ነው» እለዋለሁ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህ እውነት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ አቶ ወልደማርያም በአንድ እግራቸው የሚያበራ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው ቢሮ ገቡ። ገብተው ሳይቀመጡ አስጠሩኝ። ቅጹን ወደ እኔ አዙረው አኖሩት፤ አንብበህ ፈርም አሉኝ። ለማንበብ ወንበር አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ጽሑፋቸው ጥርት ያለ ነው። «የሠራተኛው ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር «ደም ሲያይ እውነት ይናገራል» የሚል ሰፍሯል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ «ደካማ ጎን» የሚል አለ፤ በዚያም ላይ «ደም እስኪያይ ይጠብቃል» ብለዋል። ውሳኔው የሙከራ ጊዜው ለሦስት ወር ይራዘም የሚል ነበር።

ቀና ስል ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ነበር። «የምታስተካክለው ካለ» አሉ፣ «ገና አልጸደቀም።»

ከውሳኔው ሥር ለሠራተኛው አስተያየት ስድስት ባዶ መስመር ተትቶ ነበር። እስክሪብቶ ሰጡኝ። መስመሮቹን እንዳሉ ትቼ ፈረምሁ።